«ስኳርዎ ድንበር ላይ ነው» ለተባሉ አንባቢዎች

ከጅማ ከተማና ከአካባቢዋ በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ በመሆኑ አምዱን ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። ጠያቂዎቹ የስኳር ሕመምተኞች አይደሉም፤ ሙሉ ጤነኛ ናችሁም አልተባሉም። በሐኪሞች አጠራር ቅድመ ስኳር፣ በተለምዶ ደግሞ «ቦርደር ላይ ነህ» በሚባለው ደረጃ የሚገኙ ጎልማሶች ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ ማንነትን የሚያሳውቁ ነገሮችን አውጥተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው ሄርማታ ነው። ለሌላ ሕመም ሄጄ ደሜ ሲመረመር በባዶ ሆድ ስኳሬ 106 ሆነ፤ ያዩኝ ባለሙያ «ኖርማል ነው፣ አታስቢ» አሉኝ። ልቤ ስላላረፈ በሳምንቱ ሌላ ቦታ ብመረመር 108 ሆኖ «ቅድመ ስኳር ውስጥ ገብተሻል» ተባልኩ። የትኛውን ልመን? እናቴ በስኳር ሕመም ምክንያት እግሯ ተቆርጦ ነው ያረፈችው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ እናትዎ ፈጣሪ ያጽናዎት። ሁለቱም ባለሙያዎች የነገሩዎት ነገር መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር ከጤናማው በላይ ነው የሚለው ከ110 እስከ 125 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲደርስ ነው፤ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ደግሞ መነሻውን ወደ 100 ዝቅ አድርጎታል። ስለዚህ 106ም ሆነ 108 በአንደኛው መስፈርት ጤናማ፣ በሌላኛው ቅድመ ስኳር ይባላሉ። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነና በሌላ ቀን ተደግሞ ከተረጋገጠ ግን በሁለቱም ዘንድ የስኳር ሕመም ነው። እርስዎ ከዚያ ርቀው ነው ያሉት። አደጋው 99 ላይ የማይኖር፣ 100 ላይ ሲደርስ የሚጀምር ነገር አለመሆኑንም ይወቁ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቀስ በቀስ የሚጨምር ነው። መስመሩን ያሰመሩት ባለሙያዎች ናቸው፤ ሰውነታችን መስመር አያውቅም።

በዚህ ደረጃ በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ጡንቻና ጉበት የደም ስኳርን ለሚያወርደው ሆርሞን ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል፤ በተለይ በሆድ አካባቢና በጉበት ውስጥ ስብ ሲከማች ይህ ይብሳል። ቆሽት ጉድለቱን ለመሸፈን ከወትሮው የበለጠ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ለዓመታትም ይችለዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕመም የለም፣ የውኃ ጥም የለም፣ ሰው ሥራውን እየሠራ ይኖራል። ለዚህም ነው አብዛኛው ሰው እንደ እርስዎ ለሌላ ጉዳይ ሄዶ በአጋጣሚ የሚያገኘው።

ውጤቱን ከማመንዎ በፊት ግን ምርመራው በትክክል መሠራቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ባዶ ሆድ ማለት ቢያንስ 8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው። ጠዋት አንድ ሲኒ ቡና በስኳር ፉት ብሎ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድና «ምንም አልበላሁም» የሚል ሰው በከተማችን ጥቂት አይደለም፤ ቡና እዚህ እንደ ምግብ ስለማይቆጠር ማንም ሊዋሽ አስቦ አይደለም። ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን፣ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የሚሰጡ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ከጣት ተወግቶ በትንሿ መሣሪያ የሚለካው ለክትትል ይጠቅማል እንጂ ለመጀመሪያ ውሳኔ ከደም ሥር ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚመረመረው ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ በተለምዶ «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ ነው። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም ተብሎ ይወሰዳል። መጾም አያስፈልገውም። ሆኖም የደም ማነስ ያለበት፣ በቅርቡ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል፣ የወር አበባዎ የሚበዛ ከሆነ ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ። አጠራጣሪ ሲሆን 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ምርመራ አለ፤ በእርሱ ከ140 እስከ 199 ያለው ቅድመ ስኳር ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቅዎት ነገር ልምጣ። በቅርብ ዘመድ የስኳር ሕመም መኖሩ አደጋውን ይጨምረዋል፤ ይህን አልደብቅዎትም። ነገር ግን እግርን ለመቆረጥ የሚያደርሰው ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ወይም በቂ ሕክምና ሳያገኝ የቆየ ከፍተኛ ስኳር ነርቭንና የደም ሥርን ሲጎዳ ነው። 108 ያንን አያደርግም። ከዚህ በታች በምጠቅሰው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ውስጥ ልዩ ድጋፍ ካልተደረገላቸው ቅድመ ስኳር ካለባቸው ሰዎች መካከል በዓመት ወደ ስኳር ሕመም የተሻገሩት ከ100 ሰው 11 ያህሉ ነበሩ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳራቸው በአማካይ ከእርስዎ ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም፣ ሁሉም ግሉኮስ ጠጥተው ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ስኳራቸውም ከፍ ያለ ነበር። እርስዎ እናትዎ ምናልባት ያላገኙትን ጊዜ አግኝተዋል። በሦስት ወር ውስጥ ምርመራውን በትክክል ጾመው ያስደግሙ፣ የደም ግፊትዎንና የኮሌስትሮል መጠንዎን አብረው ያስለኩ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይመርመሩ። በመካከሉ ምን ማድረግ እንዳለብዎት ለቀጣዩ ጠያቂ የምሰጠው መልስ ለእርስዎም ይሆናል።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሱቅ አለኝ፤ ዕድሜዬ 53፣ ክብደቴ 86 ኪሎ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን አይተው «ቅድመ ስኳር ነው። ክብደት ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ፣ ጣፋጭ ተው» ብለው ሸኙኝ። መልካም ሰው ናቸው፣ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምውለው። ጓደኞቼ ደግሞ የጤፍ እንጀራና ንጹሕ የጫካ ማር ስኳር አያመጣም ይሉኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐኪሙ የነገሩዎት ሦስቱም ትክክል ናቸው። የጎደለው ከሦስቱ ቃላት እስከ እርስዎ የዕለት ውሎ ያለው መንገድ ነው፤ ይህም ቀላል ጉድለት አይደለም። ምክንያቱን ላስረዳዎት።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአሜሪካው የስኳር ሕመም መከላከያ ጥናት 3,234 ቅድመ ስኳር ያለባቸውን ጎልማሶች በዕጣ ከፋፍሎ በአማካይ ለሦስት ዓመት ገደማ ተከታትሏል። አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን እንዲለውጡ የተደገፉት ሰዎች ወደ ስኳር ሕመም የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑት ላይ ቅነሳው 71 በመቶ ደርሷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታተመ ሌላ የፊንላንድ ጥናትም ያንኑ 58 በመቶ አግኝቶ ነበር። ይህን ቁጥር ሁሉም ይጠቅሰዋል። እንዴት እንደተገኘ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ተሳታፊ የራሱ የሆነ አማካሪ ነበረው፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሳምንታት ብቻ 16 ጊዜ ለብቻው ተቀምጦ ተመካክሯል፤ ከዚያም በኋላ በየወሩ ገደማ ይገናኙ ነበር። ይህ ሁሉ ድጋፍ እያለ እንኳ ሥልጠናው ሲያልቅ የክብደት ግባቸውን የመቱት ግማሾቹ ብቻ ነበሩ። የቀነሱት በአማካይ 5.6 ኪሎ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገባኛል። አንደኛ፣ በተመላላሽ ክፍል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተነገረ ምክር ያን ውጤት እንዲያመጣ መጠበቅ ለታካሚውም ለሐኪሙም አግባብ አይደለም። የወረፋውን ርዝመት ለሚያውቅ ሰው ሐኪሙን መውቀስ ይከብደዋል፤ ይሁን እንጂ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ ያልተነገረው ታካሚ ግማሽ ምክር ብቻ ይዞ ወጥቷል ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ያልተሳካላቸው ሰዎችም ተጠቅመዋል። የዚያው ጥናት ባለሙያዎች በኋላ እንዳሰሉት የቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ አደጋውን በ16 በመቶ ያህል ዝቅ ያደርግ ነበር። «ካልቻልኩ ይቅር» የሚል ሐሳብ እንዳይይዝዎት ይህን ያስታውሱ።

የጥናቱ ግብ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስ ነበር። ለእርስዎ ይህ 6 ኪሎ ነው፤ ከ86 ወደ 80። በስድስት ወር ውስጥ ቢሆን በወር አንድ ኪሎ ማለት ነው። ሠላሳ ኪሎ ቀንሱ ያለዎት ሰው የለም።

መጀመሪያ ከሚጠጡት ይጀምሩ፤ ብዙ ውጤት በትንሽ ድካም የሚገኘው እዚያ ነውና። አንድ የሱቅ ሰው ውሎን እናስብ፦ ጠዋት ከፓስቲ ጋር ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ፣ ከምሳ ጋር አንድ ለስላሳ፣ ከሰዓት በኋላ አቦልና ቶና በሁለት ሁለት ማንኪያ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ሲደመር ወደ 60 ግራም ይጠጋል፤ ፓስቲው ገና አልተቆጠረም። የዓለም ጤና ድርጅት ከተጨመረ ስኳር የሚገኘው ከዕለት ጉልበት ከአሥር እጅ አንዱን እንዳይሞላ፣ ቢቻል ከዚያም ግማሽ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህ ግማሽ ለአንድ ጎልማሳ 25 ግራም ገደማ ነው። ለስላሳውን በውኃ መተካትና የቡናውን ስኳር በየሁለት ሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ ይቻላል። ምላስ ይለምዳል። በጅማ ቡና ተወልዶ ላደገ ሰው ደግሞ ስኳር የሌለበት አቦል ጣዕሙን የበለጠ የሚያሳይ ነው። ቡናው ራሱ ጠላትዎ አይደለም፤ ቡና አዘውትረው በሚጠጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች የስኳር ሕመም በእነርሱ ላይ አነስ ብሎ አግኝተውታል። ይህ ቡናን መድኃኒት ባያደርገውም ለመተው ምክንያት የለም።

ጁስ ቤት ሲገቡ የሚቀርብልዎትን ብርጭቆ ልብ ብለው ይመልከቱ። አቮካዶው መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ ከመዞሩ በፊት በጭልፋ የሚጨመረው ስኳርና ከላይ የሚፈስሰው ቪምቶ አቮካዶውን ይሸፍነዋል። ስፕሪስ ከሆነ የማንጎውና የፓፓያው ጭማቂ ይጨመርበታል። ፍሬውን በማንኪያ ቢበሉት ያጠግብዎታል፤ አንድ ብርቱካን ልጠው መብላትና የአራት ብርቱካን ጭማቂ በአንድ ትንፋሽ መጠጣትም አንድ አይደሉም።

ስለ ማሩ፦ የአካባቢያችን ማር ስሙ የተጠራ፣ የሚያኮራም ነው። ቢሆንም ከስኳሩ አይወጣም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ማርን የሚቆጥረው ከተጨመረ ስኳር ጋር ነው። ንጹሕ መሆኑ ያልተበረዘ ያደርገዋል እንጂ ስኳር አልባ አያደርገውም።

ጤፍ ከነገለፈቱ የሚፈጭ፣ ብረትና አሰር (ፋይበር) ያለው እህል ስለሆነ ከነጭ ዳቦ ይመረጣል። ሆኖም እንጀራ ሆኖ ሲቀርብ በብዛት ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል። ችግሩ ከእህሉ ዓይነት ይልቅ በመጠኑና በአደራረቡ ላይ ነው። ፓስታ በእንጀራ፣ ድንች ወጥ በእንጀራ፣ ሩዝ ላይ ዳቦ ሲጨመር ስታርች በስታርች ይበላል። ከትልቅ ትሪ አብሮ መብላት ባህላችን ስለሆነ ምን ያህል እንደበሉ ለማወቅ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ትሪው ላይ እጅዎ መጀመሪያ ወደ ጎመኑ፣ ወደ ሰላጣውና ወደ ምስሩ ይሂድ፤ እንጀራውን በአንድ ይወስኑት፤ ጉርሻውንም እንደ ምግብ ይቁጠሩት። ሽሮ፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ የቤታችን ጌጦች ናቸው፤ አሰራቸውና ፕሮቲናቸው ስኳሩ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ጨጨብሳና ገንፎ ለበዓልና ለእንግዳ ይቆዩ፤ በየጠዋቱ አይሁኑ። ወደ ሐኪም ሲመለሱ ባለቤትዎን ይዘው ቢሄዱ ደግሞ እመርጣለሁ። ወጡን የሚሠራው ሰው ያልሰማው ምክር ማዕድ ላይ አይደርስም።

እንቅስቃሴን በተመለከተ በሳምንት 150 ደቂቃ ይበቃል። ስፖርት የሚለው ቃል ትሬኒንግ ልብስ ለብሶ መሮጥን ስለሚያስታውስ ብዙ ሰው ገና ሲሰማው ይተወዋል፤ የሚፈለገው ግን ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፣ ማለትም እየተራመዱ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎት ፍጥነት። ማታ ሱቁን ዘግተው ባጃጅ ከመያዝ ይልቅ በእግር ቢመለሱ፣ ጠዋት ደግሞ መንገዱን ግማሽ ቢራመዱ፣ በብዙ የጅማ ሰፈሮች ለሚኖር ሰው የቀኑ 30 ደቂቃ ይሞላል። በእሑድ ወደ ጅሬን ዳገት መውጣት ለሚችል ሰውማ ልብንም የሚያሠራ ነው። ጅማ ዝናብ የማያጣት ከተማ በመሆኗ ጭቃው ሰበብ እንዳይሆንዎት ለዝናብ ቀን ሌላ መላ ያዘጋጁ፤ በገበያው ጣራ ሥር ዞር ዞር ማለት፣ ደረጃ መውጣት፣ ከምግብ በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ በቤት ውስጥ መንቀሳቀስ ሁሉም ይቆጠራል። ደንበኛ በሌለበት ጊዜም ከበርጩማው ተነሥተው ይቁሙ፤ ለረጅም ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። ሲራመዱ ደረትዎን የሚያፍንዎት ወይም የሚያምዎት ከሆነ ግን አቁመው አስቀድመው ይመርመሩ።

ሲመለሱ ሐኪሙን የሚጠይቁት አይጥፋብዎት፦ ቁጥሬ ስንት ነበር፣ ስንት እንዲሆን እንፈልጋለን፣ ክብደቴንና ወገቤን ማን ይለካልኛል፣ መቼ ልመለስ። እነዚህን በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙም ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ፣ 38 ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ የእርግዝና ስኳር ነበረብኝ፤ ከወለድኩ በኋላ «ጠፍቷል» ስለተባልኩ ለአራት ዓመት አልተመረመርኩም። አሁን በባዶ ሆድ 117 ሆነ። ክብደቴ 54 ኪሎ ነው፤ ክብደት ቀንሺ ማለት ለእኔ ምን ማለት ነው? አንዲት ጎረቤቴ የእርሷን የስኳር መድኃኒት፣ ሜትፎርሚን፣ ልስጥሽ አለችኝ፤ ሌላዋ ሽፈራውና አብሽ አፍልተሽ ጠጪ ትላለች።

መልስ፦ እኅቴ፣ «ጠፍቷል» የሚለው ቃል ብዙ እናቶችን አዘናግቷል። የእርግዝና ስኳር ከወሊድ በኋላ በአብዛኛው ይወርዳል፤ ነገር ግን ቆሽት ጫና ሲበዛበት እንደሚደክም አስቀድሞ ያሳየ ምልክት ነው። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ ዕድሜ ልክ መመርመር ያስፈልጋል። ይህን የምታነብ፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ተገኝቶባት የነበረች እናት ሁሉ ዛሬ ደህና ብትሆንም ቀጠሮ ትያዝ።

ቀጭን መሆንዎ ከዚህ አይከላከልም። እኛ አገር ስኳር የባለ ቦርጭ ሕመም ተደርጎ ስለሚታይ ቀጫጭን ሰዎች ዘግይተው ይታወቃሉ። በህንድ 531 ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የአኗኗር ለውጥ አደጋውን በ28.5 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ይህም የሆነው ክብደታቸው እምብዛም ሳይቀንስ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ምክሩ ክብደት ቀንሺ ሳይሆን ጡንቻሽን አሠሪ፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሺ የሚል ነው። ከእርምጃው በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ይጨምሩ፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ማንሣት ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ወገብዎንም ይለኩ፤ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በቀጭን ሰውም ላይ በሆድ ውስጥ ስብ መኖሩን ሊያመለክት ይችላል። ሳይፈልጉት እየከሱ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሜትፎርሚን በቅድመ ስኳር ጊዜ ቦታ አለው። በአሜሪካው ጥናት አደጋውን በአጠቃላይ በ31 በመቶ ቀንሷል፤ የእርግዝና ስኳር በነበረባቸው ሴቶች ላይ ደግሞ ቅነሳው ግማሽ ያህል ደርሶ ከአኗኗር ለውጡ ጋር ተቀራርቧል። ስለዚህ እርስዎ ስለ መድኃኒቱ ከሐኪም ጋር መነጋገር ከሚገባቸው ሰዎች አንዷ ነዎት። ከጎረቤት ተውሶ መዋጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። ከመጀመሩ በፊት ኩላሊት ይመረመራል፤ ሲጀመር በትንሽ መጠን ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ አለበለዚያ ሆድ ያስቸግራል፤ ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያመጣ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። እንደገና ለማርገዝ ካሰቡም አስቀድመው ይናገሩ።

ሽፈራውን እንደ ጎመን ቢበሉት፣ አብሹንም ቢጠጡት አልከለክልዎትም። ስጋቴ ሌላ ነው፦ በእነርሱ ተማምነው ምርመራውን እንዳይተዉ። የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ የሦስት ወር ስኳሬ 6.1 ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ አለኝ፣ ከኮካ ጋር፤ አንዳንዴ ማታ ጨብሲ አለ። ሐኪሙ ስለ ጫት አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ጫት ስኳር ያመጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በግልጽ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ጫት የሚቅሙ ብዙ ሰዎች የምግብ ምክር ሲሰጣቸው ዝም ብለው ይወጣሉ፤ የተሰጣቸው ምክር ግን የእነርሱን ቀን አይመስልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ለሐኪምዎ እንዲነግሩት ነው። ሐኪሙ ሊገሥጽዎት ሳይሆን ዕቅዱን ከእውነተኛው ውሎዎ ጋር ሊያስማማ ነው የሚፈልገው።

ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል። በርጫ ደግሞ ከቅጠሉ ሌላ ብዙ ነገር አለው፦ ለሰዓታት መቀመጥ፣ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ምርቃናው ሲበርድ በእኩለ ሌሊት ከባድ እራት፣ ከዚያ አጭር እንቅልፍ። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል። ጨብሲው ሲጨመር የቢራው ጉልበትም አብሮ ይቆጠራል። ከሁሉ የሚሻለው ጫቱን መተው ነው፤ ይህን የምለው ለስኳርዎ ብቻ ሳይሆን ለልብዎም ስለማስብ ነው። በአንድ ጊዜ የማይሆንልዎት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ኮካውን በውኃ ይተኩት፣ በሳምንት የሚቅሙበትን ቀን ይቀንሱ፣ ምሳዎን ሳይበሉ አይቀመጡ፣ ጨብሲውን ይተዉና በምትኩ በእግርዎ ወደ ቤት ይሂዱ። ከጓደኞችዎ አንዱ አብሮዎት ቢጀምር ይቀልልዎታል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው፣ ቅድመ ስኳር ተብያለሁ፤ መድኃኒት አልወስድም። ረመዳንን መጾም ይጎዳኛል ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ ሌላ ሕመም ከሌለብዎትና የስኳር መድኃኒት የማይወስዱ ከሆነ ቅድመ ስኳር ብቻውን ብዙውን ጊዜ ከጾም አያግድም፤ ያም ሆኖ ጾሙ ሳይገባ ሐኪምዎን ያማክሩ። የሚጎዳው ማፍጠሪያው ላይ የሚሆነው ነው። በጥቂት ተምርና በውኃ ያፍጥሩ፣ ሾርባውን ያስቀድሙ፣ ሳምቡሳው አንድ ይብቃው፣ ጣፋጭ ጭማቂውን ይተዉት። ሱሑርን አይዝለሉ፤ ባቄላ ወይም እንቁላል ያለበት ቢሆን ቀኑን ይይዝዎታል። ወደ ተራዊሕ በእግር መሄድዎም እንቅስቃሴ ነው። የኦርቶዶክስ ጾም ለሚጾሙ አንባቢዎቻችንም ተመሳሳይ ነው፤ የጾም ምግባችን በጥራጥሬና በጎመን የበለጸገ ሆኖ ሳለ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር።

ጥያቄ፦ ቅድመ ስኳር ስለተባልኩ መለኪያ መሣሪያ ገዝቼ በየቀኑ ልለካ?

መልስ፦ አያስፈልግም። በየቀኑ መለካት በዚህ ደረጃ ጭንቀትና ወጪ ይጨምራል እንጂ ሕክምናውን አይለውጠውም፤ ለመሣሪያውና ለመለኪያ ወረቀቱ የሚያወጡትን ገንዘብ ለጎመንና ለእንቁላል ያውሉት። የላቦራቶሪ ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ቅድመ ስኳር የተባለችው ሴት የእርግዝና ስኳር የነበረባት ከሆነች በስድስት ወር አንድ ጊዜ ይበቃል። በመካከሉ ግን ውኃ ቶሎ ቶሎ ከጠማዎት፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግመው ከተነሡ፣ ሳይፈልጉት ከከሱ፣ ዓይንዎ ከደበዘዘ ወይም ቁስልዎ አልድን ካለ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።